የመሪጌታው አመጣጥ

ሰብለ የሩጫ ውድድሩን የመጨረሻ ዙር ስትጀምር፣ አሰልጣኟ ንግሥቴ የልጅቱን አባት አየቻቸው። መሪጌታ ስመኘው መቋሚያቸውን ይዘው በፍኖተ ሰላም ሜዳ ዳር ወደ ንግሥቴ ይመጡ ነበር። ልጃቸው በቁምጣ መሮጧን አጥብቀው ስለሚቃወሙ፣ ሰብለ ከፈረስ ቤት ከተማ የመጣችው ሳትነግራቸው ነው። ንግሥቴ ሰጋች። ጎትተው ቢያስወጧት ልጅቱ ለክለብ የመመረጥ ዕድሏ አለቀ፤ ንግሥቴንም "ልጅ አስኮብላይ" ቢሏት ማን ይከራከርላታል? ሰብለም አባቷን አየች። ሁለተኛ ሆና ስትገሰግስ የነበረችው ልጅ ሩጫዋ ተበላሸ፤ አንዷ አለፈቻት፣ ወዲያው ደግሞ ሌላዋ።

"የልጄ መምህር ማን ነው?" አሉ መሪጌታው አጠገቧ ደርሰው።

"እኔ ነኝ፣ መሪጌታ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷን አይቆጧት።"

መሪጌታው ቅኔ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ንግሥቴ የሚመጣውን ስድብ ለመቀበል አንገቷን ደፋች። እሳቸው ግን ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሷት።

"የኔታ" አሏት፣ ተማሪዎቻቸው እሳቸውን በሚጠሩበት ስም። "ልጅቱ እኔን አይታ ደነገጠች። መስማት ያለባት የመምህሯን ቃል ነው። ምን ታድርግ? ይንገሯት እንጂ።"

ንግሥቴ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ "ሰብለ፣ ትከሻሽን ልቀቂው" ብላ ተጣራች። ልጅቱ ትከሻዋን ለቀቀች፤ ከፊቷ ያለችውንም መጠጋት ጀመረች።