ስማቸው የጠፋ ፋይሎች

ደራሲውን የበደለው የእናቱ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሙ ነው። ባዕድ ቢሆን ኖሮ በክስ ይወጣለት ነበር፤ ከአንድ ማህፀን የወጣ ሲሆን ግን ቁስሉ አይሽርም። የአራት ዓመት ልፋት፣ ሦስተኛው ልብ ወለድ ያለበትን ሃርድ ዲስክ ፎርማት አድርጎ እንደ ተላጨ ራስ ባዶ አስቀረው።

ይህን ሁሉ የሚለው ደራሲው ነው። ያልሰማው ጎረቤት የለም።

ለምን ቢሉት መልስ አያጣም። «ቅናት ነዋ!» ይላል። ሁለተኛው መጽሐፉ በተመረቀ ቀን ወንድሙ ብርጭቆውን እንደያዘ፣ «ይሄ ሰውዬ ለእናታችን ደብዳቤ ሲልክ እንኳ እኔን ነበር የሚያስጽፈኝ፤ ዛሬ ደራሲ ሆነላችሁ!» ብሎ አስቆበታል። ሰው ቀልድ ነው ብሎ ሳቀ። ደራሲው ቂም ያዘ።

ሚስቱ አልተቆጣችም። እሷ መቼ ተቆጥታ ታውቃለች? መጻሕፍቱን የምትተይብለት እሷ ናት፤ በየመግቢያው ግርጌ «ሳትሰለች ለተየበችልኝ ባለቤቴ» የምትባለዋ።

«ሐሙስ ከሰዓት እቤት ማን መጣ?» ብሎ አፋጠጣት።

«ወንድምህ መጥቶ ነበር። ሻይ ጠጥቶ ሄደ።»

የቀረውን ደራሲው ራሱ ሞላው።

«ዘብጥያ ነው የማወርደው! የእናቴ አጥንት ይፋረደኝ ካልተበቀልኩት!»

«መጀመሪያ ፋይሉ ይገኝ እንጂ» አለችው። «ፎርማት የተደረገ ሁሉ ጠፍቶ አይቀርም አሉ። አሳታሚውም አብሮን ይሂድ፣ ምስክር ይሁንህ።»

ሐሳቧ ደስ አሰኘው። ወንድሙን በሰው ፊት ማዋረድ ከማሰር አይተናነስም።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ነው የሚሠራው። ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ማሽኖች ተደርድረዋል፤ ብሎኖቹን በጠርሙስ ክዳን ያስቀምጣል። የሞተ ማሽን ስለሚያስነሳ ሰፈርተኛው ሐኪሙ ይለዋል። መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደና ሚስትየዋን አያት።

«እትዬ፣ የት ነው የማውቅዎት? ሰሞኑን እዚህ መጥተው ነበር?»

«የሰው መልክ ይመሳሰላል» አለችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጥግ ያዘች።

ሃርድ ዲስኩ ተሰካ። አረንጓዴው መስመር ስክሪኑ ላይ ሲንፏቀቅ ደራሲው በወንድሙ ላይ እርግማን አወረደ። ቢሞት ቀብሩ ላይ እንደማይቆምም ማለ። አሳታሚው ሰዓቱን ያያል፤ ጽሑፉ ሰኞ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት።

«ፎርማት የተደረገው ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው» አለ ሐኪሙ።

«ሰማህ?» ደራሲው አሳታሚውን በክርኑ ጎሰም አደረገው። «እኔ ሬዲዮ ጣቢያ ስለ ድርሰት ቃለ መጠይቅ እየሰጠሁ፣ እሱ እቤቴ ሻይ ይጠጣ ነበር!»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሐኪሙ እጁን አፋተገ።

«እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ፣ ጽሑፎቹ ተነሥተዋል። ስማቸው ግን ጠፍቷል። አሥራ አንድ ሺህ ፋይል ነው፤ ሁሉም የያዘው ቁጥር ብቻ ነው።»

«ታዲያ የኔን በምን እንለየዋለን?»

«ቀላል ነው። ከውስጡ አንድ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ይንገሩኝ፤ ማሽኑ እሱን ይዞ ይፈልጋል። የመጣውን ሰው ሁሉ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።»

ደራሲው ጉሮሮውን ጠረገ። «አንዲት ሴት አለች... ወንዝ ዳር ትኖራለች...»

«ታሪኩን አይደለም ጋሼ። ቃሉን።»

«ባሏ ጥሏት ሲሄድ... ማለት ዋናው ሐሳብ...»

«የመጀመሪያው መስመር ይሁን በቃ። እሱስ ለባለቤቱ አይጠፋም።»

የአሳታሚው ፈገግታ ከከንፈሩ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«እኔ እንኳ» አለ፣ «አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆኜ የጻፍኩትን ግጥም እስከ ዛሬ በቃሌ እለዋለሁ።»

ደራሲው ላቡን በእጅጌው ጠርጎ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ምን ታፈጪብኛለሽ? የተየብሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ንገሪው እንጂ!»

ሚስቱ ቦርሳዋን ከጭኗ አንሥታ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች።

«ስምህን ስትጽፍበት አልጠየቅኸኝም፤ እኔም ሐሙስ ሳጠፋው አልጠየቅሁህም።»