የነጠላ ቅዳጅ

አርካዊት ሰፈር፣ እትዬ ዘርፈሽ ግቢ ውስጥ መካኒኩ ሙሀነድ የአሮጌዋን ስፖርት መኪና የፊት መብራት ሶኬት ገና ሲነካው እንደ ደረቅ ብስኩት ተፈረፈረ። ሽቦውን አጥብቆ የያዘው አንድ የነጠላ ቅዳጅ ብቻ ነበር። እትዬ ዘርፈሽ አወቁት፤ የራሳቸው ነጠላ ነው። ባላቸው በሕይወት ሳለ ጠፋብኝ ብለው ሠራተኛቸውን በሌብነት አባረው ነበር።

«ኻልቲ፣ ይሄ ካልወጣ መብራቱ አይበራም። ልቁረጠው?» አላቸው፣ በዐረብኛው አክስቴ እያለ።

«እጅህን ሰብስብ! ባሌ ያሰረውን አንተ በመቀስ ልትጎርድ?»

ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን በጥርሳቸው ያዙት። ጨርቁ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ ሟቹ ባላቸውም ሲያቅፋቸው እንዲሁ ነበር የሚሸተው።

«ኸላስ፣ ኻልቲ? ተፈታ?»

«ገና ነው፤ አታጣድፈኝ!» አሉ ቀና ሳይሉ።

ቋጠሮው ከተፈታ ቆይቷል።