ከመስኮቱ ሥር ያለችው ነጥብ

አባቴ ሰበታ ውስጥ የስፒከር ሳጥን ይሠራል። የሚነድፍበትን ፕሮግራም ከኢንተርኔት በነፃ ያወረድኩለት እኔ ነኝ። ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ የራሴን ማሻሻያም ጨምሬበታለሁ፤ ስፒከሩ ሲጮህ በማይክ ይሰማና፣ ክፍሉ ውስጥ ድምፁን የሚውጥ ሰው ካለ የትና በምን ከፍታ ላይ እንዳለ በጥቁር ነጥብ ያሳያል።

የሳጥኑን ድምፅ ስንለካ እኔና አባቴ ከሳሎን እንወጣለን። እናቴ ግን ጉልበቷን ስለሚያማት ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበሯ አትነሣም ነበር። ነጥቧን ስናሳያት "ይቺ እኔ ነኝ? ወፍሬያለሁ" እያለች ትስቃለች።

ከቀበርናት ወዲህ ሳጥን ስንለካ ዛሬ የመጀመሪያችን ነው። ሳሎኑን ባዶ ትተን በረንዳ ላይ ወጣን። ስክሪኑ ላይ ነጥቧ ከመስኮቱ ሥር ነበረች።

"የድሮውን ልኬት ነው የከፈትሽው፣ ቤቴል" አለ አባቴ።

"አይደለም አባዬ፣ የአሁኑ ነው። ያበላሸሁት ነገር ይኖራል።"

የጻፍኩትን ኮድ መስመር በመስመር አየሁት። ስህተት አጣሁበት።

"የወንበሩ ስፖንጅ ይሆናል ድምፁን የሚውጠው" ብሎ አባቴ ገባና ወንበሩን ተሸክሞ አወጣው። ከአጠገቤ አስቀመጠው። እንደገና ለካን።

ነጥቧ ከቦታዋ አልሄደችም። አሁን ግን የቆመ ሰው ያህል ከፍ ብላለች።

አባቴ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ።

"ወንበሯን መልሺላት" አለኝ። "መቆም አትችልም።"