ከማይኩ ውጭ
የጎረቤት ወፍጮ ጩኸት ድምፅ አላስቀዳ ስላላቸው፣ ምንውየለትና ሕፃን ያዘለችው ሚስቱ ዘርትሁን ለስቱዲዮአቸው አዲስ የወጣውን የድምፅ ማቀናበሪያ ሚክሰር ሊገዙ ሱቅ ገቡ። ይህ ሚክሰር ከበራ፣ በክፍሉ ውስጥ ማይክ ከያዘው ሰው በቀር የማንም ድምፅ አይሰማም።

ሻጩ ማይኩን ይዞ አበራው። «ይኸው ወንድሜ፣ ወፍጮው ቢያጓራ ወሬውም አይደርስህም!» ብሎ ማይኩን ለምንውየለት አቀበለው።

ምንውየለት ጉሮሮውን ጠረገ። «ተመስገን! ዛሬስ ልጃችንም ጨዋ ሆኗል» ሲል ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

ዘርትሁንን ግን ማጅራቷ ረጠባት። እጇን ወደ ኋላ ብትሰድ ጣቶቿ የተከፈተ አፍ አገኙ፤ ሕፃኑ እየተንሰቀሰቀ ያለቅሳል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላወቀችም።

«አጥፋው!» ብላ ጮኸች። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ባሏ ጀርባውን እንደሰጣት፣ «ይሄንኑ ጫንልን» አለ። ጥርት ብሎ ተሰማ።