ግብር የማይነካው ቼክ

የእነ ማርሊስን የግብር ሰነድ የሚሠራው ዱዌይን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላበጠና፣ «የኦርቪል የምስጋና ደብዳቤ የለም» አለ።

«የምን ምስጋና?» አለች ማርሊስ። ባሏን ኦርቪልን ጉልበቱን ስላመመው የዘንድሮን ወረቀት ይዛ የመጣችው እሷ ነበረች።

«ከጡረታ ቁጠባቸው የሰጡት ነዋ። በየዓመቱ አምስት ሺህ ዶላር፣ ዱሉዝ ከተማ ላለ የሕፃናት ድርጅት። ሰባ ዓመት ከመንፈቅ ከሞላቸው ጀምሮ። አልነገሩዎትም እንዴ?»

ማርሊስ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ሕጉ ቀላል ነው» አለ ዱዌይን። «ቼኩ በቀጥታ በድርጅቱ ስም ከተጻፈ ግብር አይነካውም። ራሳቸው ይዘውት ሄደው ቢያስረክቡም ችግር የለውም። ብቻ በምላሹ ምንም መቀበል የለባቸውም። እራት እንኳ ቢጋብዟቸው ይበላሻል።»

«ኦርቪል ምንም ሳይቀበል አምስት ሺህ ሊሰጥ?» ባሏ የዳቦ ፌስታል አጥቦ የሚያሰጣ ሰው ነው።

«ደብዳቤውን ደውዬ ላስልከው?»

«ተወው ልጄ፣ እኔው አመጣዋለሁ።»

ኦርቪል የገና በዓል በደረሰ ቁጥር፣ ሐይቁ ላይ በረዶ ሰርስሬ ዓሣ ላጠምድ ነው ብሎ ይወጣል። በአምስት ዓመት አንድ ዓሣ ይዞ ገብቶ አያውቅም። አይዞህ፣ የከርሞ ሰው ይበለን እያለች ሾርባ ስታቀርብለት የኖረችው ትዝ ሲላት ደሟ ፈላ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይኼ ነው። ሃምሳ ሦስት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ልጅ አላገኙም፤ እሱም አንቺ ትበቂኛለሽ ይላት ነበር። የሕፃናት ድርጅት ካለ ግን ልጅ አለ። ልጅ ካለ ደግሞ ሴት አለች።

በማግስቱ ጠዋት የመኪናውን ቁልፍ ስታነሳ ኦርቪል፣ «ወዴት ነው?» አላት።

«ዓሣ ላጠምድ።»

ቀና ብሎ አያት።

ማርሊስ ካገባች ወዲህ ዱሉዝን ረግጣ አታውቅም፤ ሩቅ ነው፣ ይበርዳል ትል ነበር። ድርጅቱ ዳገቱ ላይ ባለ አሮጌ የጡብ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ የስሙ ሰሌዳ አዲስ ነው። መኪናዋ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተቀመጠች። ከዚያ ማንንም ሳትጠይቅ ሕንፃውን ዞራ በጓሮው ደረጃ ገባች።

«በዚያ በር ሰው ሲገባ ዛሬ ማየቴ ነው» አለች ፀሐፊዋ እየሳቀች።

«የኦርቪል ሃውገን ሚስት ነኝ። ባሌ እዚህ የሚያደርገውን ንገሪኝ። እንዳትደብቂኝ።»

ልጅቷ ሳቋን አቆመች። «ቼኩን ይሰጣሉ፣ አንድ ፖስታ ይተዋሉ፣ ይሄዳሉ። ፖስታው፣ ድሮ ቤቱ ያላገቡ ነፍሰ ጡሮች መጠለያ ሳለ እዚህ ተወልዳ ለማደጎ ለተሰጠች ልጅ ነው። አሁን ሃምሳ አምስት ዓመት ይሆናታል። ወላጇን ፍለጋ ከመጣች ስጡልኝ ይላሉ።»

«ፖስታዎቹን አምጪልኝ።»

ልጅቷ አመነታች። በመጨረሻ ግን ከመሳቢያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። አንዳቸውም አልታሸጉም። በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ አንድ ፎቶ ነበር።

አምስቱም ፎቶዎች የማርሊስ ነበሩ፤ በየጀርባቸው በኦርቪል የእጅ ጽሑፍ «እናትሽ፣ ዘንድሮ» ይላል።