እንደወረደ

የመስመር ሠራተኛውን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ቢሮው በሙሉ «እንደወረደ» ይለዋል፤ የተነገረውን ቃል ሳያላምጥ እንደወረደ ስለሚፈጽም። አንድ ቀን ስልክ ሲጮህ ሥራ አስኪያጇ «አንሣው እንጂ!» ብትለው ከነገመዱ አንሥቶ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለው። ሌላ ቀን «ይህን ደንበኛ አጥብቀህ ያዝልኝ» ብትለው የሰውየውን እጅጌ ጨብጦ እስከ ምሳ ሰዓት አለቀቀውም።

«ጤነኛ ሰው ነበር እኮ» ይላል ሒሳብ ሹሙ ሲያዝንለት። «ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ነው። ሐዘን አጃጃለው።»

ያላባረሩት መስመሩን የሚያከፋፍለውን ማሽን ከእሱ በቀር የሚያውቅ ስለሌለ ነው።

ድርጅቱ ለከተማው ኢንተርኔት ይሸጣል። ወደ ከተማው የሚገባው መስመር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሥራ አስኪያጇ ነው። ስለዚህ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር በየመንፈቁ እየመጣ ደጅ ይጠናታል።

«እዚህ ያሉት ሐኪሞች ጀማሪዎች ናቸው» አላት ባለፈው ሲመጣ። «ከባድ ቀዶ ሕክምና ሲገጥመን ዋናው ሐኪም ከሩቅ ሆኖ በካሜራ እያየ ነው የሚመራቸው። በጠባቡ መስመር ሥዕሉ ይንቀጠቀጥና ቀጥ ይላል። ሰው አጥተንበታል። ሰፊውን ስጡን፤ ዋጋውን ብቻ እንደ አቅማችን አድርጉልን።»

«ዶክተር፣ የመስመር ዋጋ በምን እንደሚወሰን ያውቃሉ?»

«በርቀቱ ይመስለኛል።»

«ሁሉም እንደዚያ ይመስለዋል። ባሕር ሥር የተዘረጋው ገመድ አለ፣ ተራራ ላይ የቆመው ምሰሶ አለ፣ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲከፍት የሚፈጠረው መጨናነቅ አለ። እነሱ ትርፍራፊ ናቸው። ዋናው ሁለት ነገር ነው፤ ጎረቤት ሌላ ሻጭ አለ ወይ? ገዢውስ ምን ያህል ጨንቆታል?»

«እኛማ በጣም ጨንቆናል።»

«ታዲያ ለምን ይርከስ?»

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ሰብስቦ ተነሣ። እንደወረደ በሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ገመድ ይጠቀልላል፤ ቀናም አላለ።

በሳምንቱ፣ ረፋዱ ላይ፣ የሥራ አስኪያጇ ልጅ ሆዱን ይዞ ወደቀ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አንድ ለእናቱ። ሆስፒታል ሲደርስ አንጀቱ ተበስቷል አሉ። ትልቁ ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ልጁ ደግሞ ሁለት ሰዓት አይቆይም።

ሥራ አስኪያጇ ልጇን ትወድ ነበር። ይህን ማንም አይክድባትም። «ክፈቱት!» አለቻቸው። «ሰፊውን መስመር አሁኑኑ አስለቅቅላችኋለሁ!» ሐኪሞቹ ቃሏን አምነው፣ ለጊዜው በጠባቡ እየታገዙ፣ የልጁን ሆድ ከፈቱ።

ሰፊው መስመር ግን ዋጋ ተቆርጦ ማሽኑ ውስጥ ካልገባ አይከፈትም። በነጻ የሚሾልክ እንዳይኖር እንዲህ ያሠራችው ራሷ ናት። ኮሪደሩ ላይ እየተንጎራደደች ደወለች።

እንደወረደ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፁን ለቀቀው። ሒሳብ ሹሙና ጸሐፊዋ አንገታቸውን አሰገጉ።

«እንደወረደ! የሆስፒታሉን ቁረጥላቸው! ቶሎ!»

«የሆስፒታሉን ልቁረጥላቸው?»

«ቁረጥ አልኩህ እኮ! ጨርቄን ልታስጥለኝ ነው? በፈለግከው ቁረጥ፣ ብቻ ቁረጥ!»

«እሺ፣ እትዬ።»

ቃሏን መዝገቡ ላይ ጻፈው፤ ሰዓቱንም ጨመረበት። ከዚያ ወደ ማሽኑ ክፍል ገባ። ሒሳብ ሹሙና ጸሐፊዋ ዋጋ ሊቆርጥ ነው ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ስክሪኑ ጠቆረ። ወጣቱ ሐኪም ሁለት እጁ የልጁ ሆድ ውስጥ ሆኖ «ዶክተር? ዶክተር፣ ይሰሙኛል?» ይል ጀመር። የሚሰማው አልነበረም።

ሥራ አስኪያጇ እየጮኸች መልሳ ስትደውል እንደወረደ ብድግ አለ፤ ሮጦም መስመሩን ቀጠለው። ነገር ግን መስመሩ ሲቆረጥ ማሽኑም ይጠፋል፤ አንዴ ከጠፋ ተነሥቶ እስኪቆም አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ልጁ የቆየው ሃያ አምስት ነው።

አጣሪ ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበረ። ሒሳብ ሹሙ መሰከረ፤ ጸሐፊዋ መሰከረች፤ መዝገቡ ታየ። ስለ ቁም ሣጥኑና ስለ እጅጌው ሲነገር አንዱ የኮሚቴ አባል ፊቱን በወረቀት ሸፈነ፤ ሳቁ አምልጦት ነበር።

ሥራ አስኪያጇ ጥቁር ለብሳ ገባች። ሰው ደግፏታል።

«እሱን ተዉት» አለች። «የገዛ ምላሴ ነው ልጄን የበላው። ለጅል ሰው ‹ቁረጥ› ይባላል? ‹ዋጋውን› የምትል አንዲት ቃል መጨመር አቃተኝ።»

ኮሚቴው አዘነላት፤ ለእሱም አዘነለት። በእንደወረደ ላይ ጥፋት አላገኘበትም፤ በሰላም ወደ ቤትህ ሂድ አለው። ድምፅ ሳያሰማ እያለቀሰ ወጣ። ሒሳብ ሹሙ እስከ በሩ ሸኘው፤ «አይዞህ፣ አውቀህ አይደለም» እያለ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ወደ ቤቱ አልሄደም። አማቱ ዘንድ ሄደ። አሮጊቷ በረንዳው ላይ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፤ ጥቁር ሻሿን እስከ ዛሬ አላወለቀችም። ተቀመጥ አለችው፤ ተቀመጠ። አንድ ራስ አንሥቶ አብሯት ይልጥ ጀመር።

«ሳያውቅ ነው ይላል አገሩ» አለችው በመጨረሻ። «እውነት የቃሉ ትርጉም ጠፍቶህ ነው፣ ልጄ?»

«እማማ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ልጅዎ እዚያው የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ተኝታ ሳለ፣ ሥራ አስኪያጇ ‹የሆስፒታሉን ቁረጥላቸው› ስትለኝ ያንን የማይቀመስ ዋጋ የቆረጥኩት እኔ ነበርኩ።»