ከአፈሙዙ በላይ

ጀላል ምንሽሩን በጋቢ ጠቅልሎ ከደጋን ደሴ ድረስ የመጣው አንድ ሰው ፍለጋ ነው። ሰውየው ወንድምአገኘሁ ይባላል። ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚኖር ጡረተኛ ወታደር ነው፤ በዘመኑ የታወቀ አልሞ ተኳሽ ነበር።

«ኮምቦልቻ አንድ በያጅ የማነጣጠሪያ መነጽር ገጠመልኝ፤ ግን ያለምኩትን አይመታም» አለ ጀላል።

ወንድምአገኘሁ ጠመንጃውን ተቀብሎ አገላበጠው። በያጁ ማቀባበያው ሲነሳ መነጽሩን እንዳይነካው ብሎ ብረት በብረት ላይ ደራርቦ፣ ከአፈሙዙ በላይ ከፍ አድርጎ ሰቅሎታል።

«ዓይንህ ከላይ ያያል፣ ጥይትህ ከታች ይወጣል» አለው። «ሁለቱ የሚገናኙበትን ርቀት መምረጥ አለብህ። እንዲህ ከፍ ብሎ ሲታሰር ደግሞ ስህተቱ ይብሳል። ከየት ወዴት ነው የምትተኩሰው?»

«ከደጃፌ ሆኜ፣ ገደሉን ተሻግሮ ወዳለ ግቢ።»

«እዚያ ምን አለ?»

«አውሬ።»

«ምን አውሬ?»

«ስሙን አልጠራውም፣ ጋሼ። አንዴ የሰው ደም የቀመሰ አይተውም። ወላሂ፣ እኔ ካልገላገልኩ ማንም አይገላግልም።»

ሽማግሌው ፊቱን አየው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነበር። ቦታውን ሳላይ አልነካውም አለ።

በማግስቱ አብረው ወረዱ። ኮምቦልቻ ላይ ጀላል የደጋን መኪና ሊፈልግ ሲሄድ፣ ወንድምአገኘሁ የአትጠገብ ሻይ ቤት ገባ። አትጠገብ የድሮ ጎረቤቱ ናት።

«ከዚህ ሰው ጋር ምን አገናኘህ?» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ባሽር የሚባል ሰው በግጦሽ ጠብ ወንድሙን ገድሎበታል። ገዳዩ ፍርዱን ጨርሶ በቅርቡ ከወህኒ ወጥቷል። ሽማግሌ ገብቶ ደም ደርቋል ይላሉ።» ብርጭቆውን አስቀመጠችለት። «ደም ይደርቃል እንዴ?»

ወንድምአገኘሁ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

የጀላል ደጃፍ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ሽማግሌው በደረቱ ተኝቶ በመነጽሩ ማዶ ተመለከተ። አንድ ሰው ግቢውን በእሾህ ያጥራል። ትንሽ ልጅ እሾሁን ታቀብለዋለች። አጥሩ ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል፤ ሰውየው ግን አሁንም ይደርባል።

«ያ የማን ቤት ነው?»

«የባሽር» አለ ጀላል።

ፈርቷል፣ ሞቱን እየጠበቀ ነው አለ ወንድምአገኘሁ በልቡ። እምቢ ብሎ ሊሄድ አሰበ። ግን ይህ ሰው ሌላ አዋቂ አያጣም። ደሴም ኮምቦልቻም ጠመንጃ የሚያውቅ ሞልቷል።

ስለዚህ እሺ አለ።

የዒላማውን ወረቀት ገደሉ ማዶ አልሰቀለውም። እዚያው ቅርብ ያለ ግራር ላይ ሰካው። እያስተኮሰ የመነጽሩን ብሎኖች ጥቂት በጥቂት አዞረ። በመጨረሻ ጥይቱ የወረቀቱን መሃል በሳው። ጀላል ከስንት ቀን በኋላ ሳቀ።

«ለማዶውስ?»

«ያው ነው። መሃሉን አልም፣ ሳብ።»

ያው አልነበረም። ያን ያህል ከፍ ያለ መነጽር በቅርብ ርቀት ሲስተካከል አፈሙዙ ሽቅብ ያንጋጥጣል። ጥይቱ ገደሉን ተሻግሮ ማዶ ሲደርስ ካለሙት በላይ ያልፋል። ባሽር ፉጨቱን ሰምቶ ይሸሻል፤ ቢያንስ አገር ጥሎ ለመጥፋት ጊዜ ያገኛል።

ጀላል የሽማግሌውን ትከሻ ሳመ። «አላህ ዕድሜ ይስጥዎ፣ ጋሼ። የሰው ነፍስ ነው ያተረፉት።»

ወንድምአገኘሁ በልቡ አዎ አለ።

ሳምንቱ ሳያልቅ አትጠገብ ደወለችለት። «አላልኩህም? ባሽርን ገደለው! በአንድ ጥይት፣ ደረቱን።»

ወንድምአገኘሁ ስልኩን ዘጋ። እንዴት? ጀላል ተንኮሉን ነቅቶበት መሆን አለበት፤ ማዶ ሞክሮ፣ ሌላ ሰው አስተካክሎለት። ደምን በብሎን ማቆም እንደማይቻል ገባው።

መርማሪ ፖሊስ አስጠራው።

«ባሽርን አላለምኩትም፣ ስቼ ነው ይላል» አለው መርማሪው። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። ጠመንጃውን ያስተካከሉት እርስዎ ነዎት። ይስት ነበር?»

እውነቱን ቢናገር ለነፍሰ ገዳይ ማምለጫ መስጠት ይሆናል።

«አይስትም» አለ ወንድምአገኘሁ። «ያለሙትን ይመታል።»

ፈረመና ወጣ። ቤቱ ሲደርስ ቀሎት ነበር ማለት ይቻላል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት በሩን አንኳኳች። እግሯ በፋሻ የተጠቀለለ ልጅ አዝላለች። የባሽር ሚስት ሀስና ነበረች። ልጇን ደሴ ሆስፒታል ስታስታምም ከርማ ገና መውጣቷ ነው።

«ግቢ፣ ልጄ። አላህ ያጽናሽ» አላት። «አይዞሽ፣ ገዳዩ አይወጣም። ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

«ሰማሁ። እሱኑ እንዲያነሱልኝ ልለምንዎ ነው የመጣሁት።»

«ባልሽን ለገደለ ሰው?»

ሀስና ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈቻት።

«ባሌ ከወህኒ ስለወጣ መሣሪያ መያዝ አይችልም፤ ከዚያ ሰው መብላት ከለመደ ጅብ ጠብቅልን ብሎ ጀላልን የለመነው እሱ ራሱ ነው፤ የዚያን ቀን ጅቡ ይቺን ልጅ በእግሯ ይዞ ሲጎትት፣ ባሽር ከጅቡ ወዲያ ቆሞ በዱላ ሲደበድበው፣ ጀላል ጅቡን አልሞ ተኮሰ፤ ጥይቱ ከጅቡ በላይ አለፈ።»